ያገለገለ የዓሣ ገንዳ ከነዕቃው፦ በምን ይታጠብ?

አዲስ_ገንዳ

ሰላም ለሁላችሁ። 100 በ40 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ያገለገለ የመስታወት ገንዳ ከነዕቃው ገዝቻለሁ። አብረው የመጡት ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ካኒስተር ማጣሪያ፣ የ200 ዋት ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ ከነቱቦውና ከነድንጋዩ፣ መረብ፣ ቆሻሻ መምጠጫ ቱቦ እና አንድ ባልዲ ጠጠር ናቸው። መስታወቱ ላይ፣ ውሃው ይደርስበት በነበረው መስመር፣ በጥፍር የማይነሳ ነጭ ቅርፊት አለ። ማጣሪያው ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅም ገና አልደረቀም። የቀድሞው ባለቤት ዓሣዎቹ እንዳለቁበት ነግሮኛል፣ በምን እንዳለቁ ግን አያውቅም።

በረኪና ልጠቀም ወይስ አቼቶ? በፈሳሽ ሳሙና ቢታጠብስ? ስፖንጁን «ጥሩ ባክቴሪያ አለው፣ እንዳትጥይው» ያሉኝ አሉ፤ እውነት ነው? ወደፊት ሽሪምፕ ማርባት ስለምፈልግ ለእነሱ የሚያሰጋ ነገር ካለም ንገሩኝ።

ንጹሕ_ውሃ

እህቴ፣ አቼቶና በረኪና ሥራቸው ለየቅል ነው። አቼቶ ኖራውን ያሟሟል፣ ተህዋስያንን ለመግደል ግን አትመኪበት። በረኪና ተህዋስያንን ይገድላል፣ ኖራውን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉሻል፤ ነገር ግን በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ጨርቅ ላይ፣ በአንድ ሰዓት እንዳይገናኙ። አሲድና በረኪና ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ትንሹ እንኳ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። የአቼቶውን ሥራ ዛሬ ጨርሰሽ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቀሽ፣ በረኪናውን ነገ ብታደርጊው ከሁሉ ይሻላል።

ሳሙናውን እርሺው። ቅሪቱ መስታወቶቹን በሚያጣብቀው ሲሊኮን ጠርዝና በስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ አረፋ የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። እዚህ ሥራ ላይ ሳሙና የሚሠራልሽ፣ ሙቅ ውሃና ብሩሽ የማይሠራልሽ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ዝም ብሎ ማጠብ ይቅደም። ብዙ ሰው በረኪናውን ቆሻሻው ላይ ያፈስና «ተበከለ ያልኩትን አጸዳሁ» ይላል። ክሎሪን ግን ዝቃጭና አልጌ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ ለተህዋስያኑ የሚተርፍ የለውም። ዝቃጭ ውስጥ አሞኒያ ስላለም በረኪናው ሲነካው ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ጓንት አድርጊ፣ በለብታ ውሃና በአዲስ ስፖንጅ አልጌውንና ዝቃጩን እስኪጠራ ድረስ አውጪ።

ነጩ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድነቱ 5 በመቶ የሆነ ተራ ነጭ አቼቶ ይበቃል። ቆመው ባሉ ግድግዳዎች ላይ አቼቶ ብትረጪው ወርዶ ያልቃል፤ ሶፍት አጥፈሽ በአቼቶ ካራስሽ በኋላ ቅርፊቱ ላይ ለጥፊው፣ እንዳይደርቅ በላዩ ላይ ፕላስቲክ ሸፍኚበት፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተይው። የሚቻል ከሆነ ገንዳውን በጎኑ አስተኝተሽ ቅርፊቱ ያለበትን ግድግዳ ወለል አድርጊው፤ አቼቶው ሳይወርድ ያርፍበታል። ከዚያ አዲስ ምላጭ ከመስታወቱ ጋር በ30 ዲግሪ ገደማ ጋደም አድርገሽ ግፊው። ዝገት የነካው ወይም ጫፉ የተሸረፈ ምላጭ መስታወት ይጭራል። ከሲሊኮኑ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀርሽ ምላጩን አስቀምጪና በጥርስ ብሩሽ ቀጥዪ፤ ሲሊኮን ላይ የገባ ስንጥቅ ነገ ውሃ የሚያፈስ በር ነው። ይህ ሁሉ ለመስታወት ነው። ገንዳው አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ቢሆን ኖሮ ምላጭ ፈጽሞ አይነካውም።

አሁን በረኪናው። ሽቶ፣ ማወፈሪያ ወይም ሳሙና ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ግዢ፤ ጠርሙሱን ነቅንቀሽ አረፋው ካልጠፋ ሳሙና አለው ማለት ነው፣ ተይው። ጥንካሬው አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ለመረብ፣ ለመምጠጫ ቱቦና ለማጣሪያው የፕላስቲክ ክፍሎች 1 እጅ በረኪና በ19 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅይ (በ20 ሊትር ባልዲ 1 ሊትር በረኪና መሆኑ ነው)፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፊ። ገንዳውን ግን በዚህ ጥንካሬ መሙላት ብክነት ነው። ውሃ ሞልተሽ በሊትር 10 ሚሊ ሊትር ጨምሪና 1 ሰዓት አቆዪው። የአንቺ ገንዳ አፍ እስከ ገደፉ 180 ሊትር ስለሚይዝ 1.8 ሊትር በረኪና ይበቃዋል። ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ፤ ክሎሪኑን ያፈርሰዋል። ለወራት ፀሐይ ወይም ሙቀት ላይ የቆየ በረኪናም ጥንካሬው ስለሚወርድ ልኬቱ አይታመንም፤ በቅርብ የተመረተ ያዢ። መስኮት ክፈቺ፣ የዓይን መከላከያ አድርጊ።

ማጣሪያ_ጠጋኝ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ስለ ማጣሪያው እኔ ልቀጥል።

ስፖንጁን ጣይው። «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚባሉት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ማጣሪያው ከጠፋ በኋላ ውስጡ ተዘግቶ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን እንደያዙት ይነግርሻል። ጤነኛ የማጣሪያ ስፖንጅ የሚሸተው እርጥብ አፈር ነው። ደግሞስ ዓሣዎቹ በምን እንዳለቁ ሳይታወቅ ባክቴሪያውን ብታተርፊ በሽታውንም አብረሽ ማትረፍሽ ነው። ከሰልና ነጭ ጥጥ ካለውም አብሮ ይጣል። ማጣሪያው ውስጥ ያሉት የሸክላ ቀለበቶች መዳን ይችላሉ፤ ግን ቀዳዳቸው በረኪናውን ስለሚጠጣ ከፕላስቲኩ በላይ ረጅም ጊዜ በክሎሪን ማስወገጃ መዘፍዘፍ ይፈልጋሉ። አቅሙ ካለሽ አዲስ ግዢ።

በዚህ መንገድ ከታጠበ በኋላ ገንዳው ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ባክቴሪያው እስኪደራጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ዜሮ ሳያሳዩሽ ዓሣ አታስገቢ።

ማጣሪያውን ስትፈቺ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪው። የደረቁ ቱቦዎች ከአፍንጫው ላይ እንቢ ቢሉሽ አትጎትቺ፤ የሚሰበረው ቱቦው ሳይሆን የማጣሪያው አፍንጫ ነው፣ እሱ ከተሰበረ ደግሞ ክዳኑ በሙሉ ይቀየራል። የቱቦውን ጫፍ ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ይለሰልሳል። ካልሆነ ጫፉን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀሽ አውጪው። የቱቦውን ውስጥ ረጅም የሽቦ እጀታ ባለው ብሩሽ አሽከርክሪው፤ ጥቁርና የሚያዳልጥ ሽፋን ይወጣል፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሚው። ቱቦው ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ፕላስቲኩ ደርቋል፣ ይቀየር።

ከዚያ ፓምፑ። ክዳኑ ሥር ውሃውን የሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ ከማግኔት ጋር የተያያዘ ነው። ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ብዙ ጊዜ ሸክላ ስለሆነ በትንሽ ማዘንበል ይሰበራል። አራት ነገር እዪ፦ ዘንጉ ተሰንጥቋል ወይ፣ ክንፎቹ ተሸርፈዋል ወይ፣ ማግኔቱ አብጦ ወይም ዝጎ ጉድጓዱን ይፈትጋል ወይ፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት የጎማ መያዣዎች አሉ ወይ። አንድ መያዣ ብቻ ቢጎድል ፓምፑ እየተንኳኳ ይሠራል፤ ቆይቶ ዘንጉን ይሰብረዋል። ማግኔቱ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ይጋገራል፤ አቼቶ ሞልተሽ 30 ደቂቃ አቆዪና በጥርስ ብሩሽ አውጪው። የኤሌክትሪኩን ክፍል ግን ባልዲ ውስጥ አትዘፍዝፊ።

ክዳኑ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት በጣትሽ መሐል እያንከባለልሽ እዪው። ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ወይም ስትስቢው ፀጉር የሚያካክል ስንጥቅ ካሳየ አዲስ ይግባ። ደህና ከሆነ በሲሊኮን ቅባት ስሱ አድርገሽ ቀቢው። ቫዝሊን አትቀቢ፤ ከነዳጅ የተገኘ ቅባት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ገጥመሽ ስትጨርሺ ወዲያው ወለል ላይ አታስነሺው። መታጠቢያ ገንዳ ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ከትተሽ፣ ማጣሪያው በውሃ መሞላቱን አረጋግጠሽ 24 ሰዓት አስኬጂው። ያለ ውሃ ከዞረ ዘንጉ ይፋጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳፋው ደረቅ ሆኖ ካደረ ይታመናል።

ፀሐይ_ይበቃል

በረኪና ለማይወድ ሰው ማድረቅም አለ። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ጥገኛ ተህዋስ ከውሃ ውጭ አይኖርም፤ መረቡም ቱቦውም እስከ ውስጥ ድረስ ደርቆ ጥቂት ቀን ቢቆይ ያልቅለታል።

ንጹሕ_ውሃ

ለነጭ ነጠብጣብ እውነት ነው፤ ከበረኪናው በኋላም ዕቃው በደንብ እንዲደርቅ የምንለው ለዚህ ጭምር ነው። እዚህ ግን ዓሣዎቹ በምን እንደሞቱ አይታወቅም። የዓሣ ቲቢ የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ሽፋኑ ሰም ያለው ስለሆነ ድርቀትን ይችላል፤ ተራ ልኬት ያለው በረኪናም ብዙም አያስደነግጠውም። እሱን የሚጥለው 70 በመቶ አልኮል ነው። 96 በመቶው የሚሻል ይመስላል፣ ግን ቶሎ ይተናል፤ ወደ ሴሉ ዘልቆ ለመግባትም ውሃው ያግዘዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ በረኪናው ታጥቦ ገንዳው ከደረቀ በኋላ የመስታወቱን ውስጥና ጠርዞቹን በ70 በመቶ አልኮል አርጥቢያቸው፤ ሊደርቅ ሲል እየደገምሽ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ። መረቡን ዘፍዝፊው። አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እሳት፣ ሲጋራ፣ የተሰካ ማሞቂያ አጠገቡ አይኑር፣ ክፍሉም አየር ያግኝ። አክሪሊክና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ አይደረግም፣ በጥቃቅኑ ይሰነጣጥቀዋል።

ጓንቱን ከመጀመሪያው ጀምሪ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሰው እጅ ላይ ቁስል ካገኘ ይገባል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቶሎ የማይድን እብጠት ሆኖ ይወጣል። እንደዚያ ካየሽ ለሐኪሙ የዓሣ ገንዳ እንደነካሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ሊጠረጥረው የሚችል ነገር አይደለም። የመምጠጫ ቱቦውን ደግሞ በአፍ ስቦ ማስጀመር ይቅር።

ሽሪምፕ_አርቢ

የሽሪምፑን ጥያቄ ማንም አልነካውም። የሚያሰጋሽ መዳብ ነው። ለዓሣ ጥገኛ ተህዋስያን ከሚሰጡ መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ አላቸው፤ ዓሣው የሚችለው መጠን ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይጨርሳል። ዓሣ የታመመበት ሰው መድኃኒት ሞክሮ ይሆናልና ሞክሯል ብለሽ ተነሺ።

መዳብ በረኪና የሚያጠፋው ነገር አይደለም፤ ብረታ ብረት ስለሆነ አይሞትም። ከኖራማ ጠጠርና ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ቆይቶ ውሃው ትንሽ አሲድ ሲሆን ተመልሶ ይለቀቃል። ከጠጠሩ ጥቂት ፍሬ ወስደሽ አድርቂና አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ጥቃቅን አረፋ ከወጣ ኖራ አለው፤ አረፋው በጣም ስስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ብርሃን አስጠግተሽ እዪው። አረፋ ያወጣውን ጠጠር ለሽሪምፕ አትጠቀሚበት፣ መዳብ ባይኖረውም የውሃውን ጥንካሬ ከፍ ያደርገዋል። አረፋ ካላወጣ ታጥቦ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ጠጠር ከሁሉ ዕቃ ርካሹ ሆኖ ለማጽዳት ከሁሉ ከባዱ ነው። እኔ የምመክርሽ እንድትጥይው ነው።

ገንዳውን ለማረጋገጥ፦ ሁሉም ጽዳት ካለቀ በኋላ ንጹሕ ውሃ ሞልተሽ 24 ሰዓት አቆዪና በመዳብ መለኪያ ለኪው። የቧንቧውንም ውሃ ለብቻው ለኪ፤ የመዳብ ቧንቧ ካለ መነሻው ከዚያ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ላይ የነበረው ኖራ በአቼቶ ሲነሳ ውስጡ የተያዘው መዳብም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅርፊት አታስተርፊ።

ሌላ፦ ጌጥ የሚሆን ድንጋይ ካለ ማሰሮ ውስጥ አትቀቅይ። ስንጥቁ ውስጥ የተያዘ ውሃ ሲተን ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። እንጨት ይቀቀላል፤ በረኪና ውስጥ ግን አይዘፈዘፍም፣ ጠጥቶ ለሳምንታት ይለቃል።

አዲስ_ገንዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ክሎሪኑ ጨርሶ መውጣቱን በማሽተት ብቻ ማወቅ ይቻላል? ሌላው፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ሲሊኮን ከሥሩ አረንጓዴ ሆኗል፤ ብፍቀው አይለቅም።

ንጹሕ_ውሃ

ማሽተት አይታመንም፤ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ከቆየሽ አፍንጫሽ ይለምደዋል። የበረኪናውን ውሃ ደፍተሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቂ። ከዚያ ውሃ ሞልተሽ ክሎሪን ማስወገጃውን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ጨምሪና ሌሊቱን አሳድሪው። ጠዋት ላይ በክሎሪን መለኪያ ወረቀት ለኪ፤ ዜሮ ካላሳየ ድገሚው። ማስወገጃውን ገና ገንዳው ውስጥ ባለው የበረኪና ውሃ ላይ አታፍስሺ፣ መጠኑ አይመጣጠንም፤ መጀመሪያ ይደፋ። ከዚያ ሁሉም ነገር ለየብቻው ተዘርግቶ ይድረቅ። ሲደፋም ወደ ፍሳሽ መስመር ይሂድ እንጂ ወደ አትክልት ወይም ወደ ወንዝ አይሁን።

ሲሊኮን_ሠሪ

አረንጓዴው ነገር ሲሊኮኑ ላይ ሳይሆን ከሲሊኮኑና ከመስታወቱ መሐል የገባ አልጌ ነው። አልጌ የገባበት ውሃም ገብቶበታል፣ ማለትም እዚያ ቦታ ላይ ሲሊኮኑ ለቋል። ምን ያህል እንደለቀቀ ማወቅ አለብሽ። ገንዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሲሊኮን አለ፦ ሁለት መስታወት ጠርዝ ለጠርዝ የሚያያይዘው፣ እና ከውስጥ ጥጉን የሚሸፍነው። አረንጓዴው በሽፋኑ ብቻ ከሆነ ገንዳው ይሸከማል። ወደ መጋጠሚያው ከገባ፣ በመስታወቱ ውፍረት ውስጥ አሻግረሽ ስታዪ አረንጓዴ ክር ወይም ብርማ የአየር ኪስ ካለ፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ተፈትቶ እንደገና መጣበቅ አለበት።

ፈተናው ይህ ነው። ገንዳውን ውሃ ቢፈስ በማይጎዳ ቦታ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ ወለል ላይ አስቀምጪ። 180 ሊትር ውሃ 180 ኪሎ ነው፣ መስታወቱን ሳይጨምር፤ ጠረጴዛ ላይ አይሞከርም። ዙሪያውን ደረቅ ጋዜጣ አንጥፊ። አንድ ሦስተኛ ሙይና ጥቂት ሰዓት ጠብቂ፣ ሁለት ሦስተኛ ሙይና አሳድሪው፣ ከዚያ ሞልተሽ ቢያንስ 72 ሰዓት አቆዪው። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት በየጊዜው ዳብሺ፤ ቀስ ብሎ የሚያዣው ውሃ ጋዜጣው ላይ ሳይደርስ ይተናል፣ ሶፍቱ ላይ ግን ይታያል። ውሃ በሞላ ገንዳ ማንቀሳቀስ አይታሰብም፤ ግማሽም ቢሆን።

ሽፋኑን ብቻ መቀየር ካስፈለገ አሮጌው በሙሉ ይነሳ፤ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ላይ አይያዝም። በምላጭ አንሺ፣ ቅሪቱን በአልኮል ጥረጊ፣ አድርቂ። የምትገዢው ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት፣ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት መርዝ አለው። ከተቀባ በኋላ 7 ቀን ሳይሞላው ውሃ አይግባበት።

ማጣሪያ_ጠጋኝ

ማሞቂያው ተረስቷል። ዕድሜው የማይታወቅ ማሞቂያ አዲስ ቢገዛለት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያረጀ ቴርሞስታት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚቀረው፣ ገንዳውንም በአንድ ሌሊት ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ልሞክረው ካልሽ የመስታወት ቱቦውን ወደ መብራት አንሥተሽ እዪ፤ ውስጡ ጤዛ ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ገመዱ ወደ ክዳኑ የሚገባበት ቦታ ጎማው ከተሰነጣጠቀ፣ ሶኬት ጋር አይገናኝ። ኖራውን በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ብቻ አንሺው፣ ክዳኑን አታርጥቢ።

ደህና ከሆነ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ እስከ ምልክቱ አስገቢው፣ 20 ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪው፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጊውና በሌላ ቴርሞ ሜትር 6 ሰዓት ያህል ተከታተዪው። መብራቱ እየጠፋ እየበራ ሙቀቱ ከ25 በ1 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ከቆየ ይሠራል። ከ2 ዲግሪ በላይ ካለፈ ወይም መብራቱ ጨርሶ ካልጠፋ ይጣል። ስትጨርሺ ነቅለሽ 30 ደቂቃ ውሃው ውስጥ ተይው፤ ትኩሱን አየር ላይ ብታወጪው መስታወቱ ይሰነጠቃል። ተሰክቶ እያለ ደግሞ እጅሽን ባልዲው ውስጥ አታስገቢ።

የአየር ድንጋዩን ጣይው፣ ቀዳዳው አይጸዳም። ከአየር ፓምፑ ጋር ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ትንሽ ቫልቭ አዲስ ግዢ፤ በአፍሽ ሳይሆን በፓምፑ አየር በሁለቱም በኩል ሞክሪው፣ በአንዱ ብቻ ማለፍ አለበት። ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች የሚቀመጥ ከሆነ ያለ ቫልቭ አይሰካ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።